ሹም በሕዝብ ገንዘብ ሲጠየቅ ወንበሩን ሊለቅ ይገባዋልን?

(በአርባ ምንጭ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የሂሳብ አያያዝ ሥልጠና መክፈቻ ላይ በአንድ ዲያቆንና የፕሮጀክት ባለሙያ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከሰዓት በኋላ ስለ ደረሰኝ አቆራረጥ፣ ስለ ገቢና ወጪ መዝገብ፣ ስለ ቅድሚያ ክፍያ አወራረድም በዝርዝር እንማማራለን። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሥልጠናው ሁሉ የሚቆምበትን አንድ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ። ጥያቄው በየወረዳውና በየቀበሌው፣ አንዳንዴም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚነሣ ነው። አንድ ሹም ለሥራ የተሰጠውን ገንዘብ ለራሱ ጥቅም ማዋሉ ቢታወቅ፣ ባልሄደበት መንገድ የውሎ አበል ቢቀበል፣ የመንግሥትን ነዳጅ ለግል ጉዳዩ ቢያቃጥል፣ የቤቱን ግብዣ በመሥሪያ ቤቱ ሂሳብ ቢያወራርድ፣ ወንበሩን ሊለቅ ይገባዋልን? ወይስ ገንዘቡን መልሶ በሥራው ይቀጥል?

ለዚህ ጥያቄ በየስፍራው ሦስት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው «ከመለሰ ይበቃዋል፤ ሰው ነውና ይሳሳታል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ያልበላ ማን አለ? እርሱ ቢወርድ የሚተካው የባሰ የራበው ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «መልቀቅ ምን ያደርጋል? ይታሰር» ይላል። ሦስቱም መልሶች ከሕዝባችን የኑሮ ልምድ የወጡ ስለሆኑ በንቀት ልናልፋቸው አይገባም። ነገር ግን ሦስቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል። እርሱንም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ቋንቋችንን እንመልከት። በእኛ አነጋገር የሕዝብ ገንዘብ የወሰደ ሰው «በላ» ይባላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውንም ተረት የማያውቅ የለም። ይህ አነጋገር ከየት መጣ? በቀደመው ሥርዓት ሹም በወር የሚቈረጥለት ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚተዳደረው በጉልት፣ ማለትም ከባላገሩ በሚያገኘው ግብርና ጉልበት ነበር። በጋሞ ደጋም ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ገባሩ የሹሙን ማዕድ በእህሉና በጉልበቱ ሲሸከም ኖሯል። በዚያ ሥርዓት መብላት የሹመቱ ዋጋ ስለነበር በስርቆት አይቈጠርም ነበር። የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የጉልቱና የገባሩ ሥርዓት ርዝራዥ ቀረ። ቃሉና ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አብረውን አሉ። ስለዚህ «ያልበላ ማን አለ?» የሚለው ሰው ሳያውቀው የሚናገረው የሞተ ሥርዓትን ሕግ ነው።

የዛሬው ሕግ ሌላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊና ተመራጭ ሁሉ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ደንግጓል። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅም በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። እንግዲህ ሕጉ ካለ፣ በራሱ ፈቃድ «ሂሳቤ እስኪመረመር ወንበሬን ለቅቄአለሁ» የሚል ሹም ለምን አናይም?

መልሱ ያለው በታሪካችን ውስጥ ነው። የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም. የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ባለሥልጣናቱ በሀብት ብክነትና በአስተዳደር በደል ይጠየቁ ዘንድ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይፈጽም ግን፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ወንበሩን ለለቀቀ ሰው መዝገቡ ተገልጦ «ይህን ወስደሃል፤ ይህን አልወሰድህም» የሚለው ዳኛ አልተገኘለትም። ከዚያ በኋላ የመጣ ሹም ሁሉ ከዚህ አንድ ትምህርት ወስዷል፤ ወንበር መጠለያ እንደሆነ፣ እርሱን መልቀቅም ራስን አሳልፎ መስጠት እንደሆነ ተምሯል።

ቀጥሎ የሆነውንም እናውቃለን። በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት ላይኔ ከሥልጣን ተነሥተው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ጥፋታቸውን ተናገሩ፤ በ1992 ዓ.ም. 18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ2001 ዓ.ም. ተፈቱ። በ1993 ዓ.ም. የገዢው ፓርቲ አመራር ሲከፋፈል የዚያን ጊዜው የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት አቶ አባተ ኪሾ ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ የሙስና ክስም ተከተላቸው። በግንቦት 2005 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ ታሰሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ።

በእነዚህ ሰዎች ላይ እዚህ ቆሜ ልፈርድ አልመጣሁም። ሥራዬም ሥልጣኔም አይደለም። የማሳያችሁ የነገሩን ቅደም ተከተል ነው። በሀገራችን ብዙ ጊዜ ሹም መጀመሪያ ከወንበሩ ይወድቃል፤ መዝገቡ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ክሱን ሲሰማ «ሰውየው የተጠየቀው በገንዘቡ ነው ወይስ በጠቡ?» ብሎ ይጠራጠራል። ክሱ ተቋርጦ ሰው ሲፈታም ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ ሳይታወቅ ይቀራል። ይህ ለተከሳሹም በደል ነው፤ ገንዘቡ ለጠፋበት ሕዝብም በደል ነው። የዜና ቋንቋችን እንኳ ይህን ይመሰክራል፤ «ከኃላፊነታቸው ተነሡ»፣ «ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ» ሲባል ዘወትር እንሰማለን፤ «በፈቃዳቸው ለቀቁ» የሚለው ግን እንግዳ ነው።

እንግዳ ቢሆንም ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ለዚህች ከተማ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ማለትም በዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ መምህርና ዲን ሆነው ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን በፈቃዳቸው ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። ምክንያቱ የገንዘብ ጥያቄ አልነበረም፤ ሀገሪቱ የገባችበት ሁከት ነበር። ስለ አስተዳደራቸው የተለያየ አስተያየት ሊኖረን ይችላል። ነገር ግን አንድ ነገር በዓይናችን አይተናል፤ በኢትዮጵያ ሰው ከትልቁ ወንበር በእግሩ ወርዶ፣ ተተኪውን በሰላም አስረክቦ፣ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

በሌላው ዓለምም ከዛሬው ጥያቄያችን ጋር የሚቀራረብ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ የምክር ቤት አባላት ለሁለተኛ ቤትና ለልዩ ልዩ ወጪ ከመንግሥት ለማስከፈል ያቀረቡት ሂሳብ በጋዜጣ ወጣ። ከዝርዝሩ ውስጥ በቤት ዙሪያ ያለ የውሃ ቦይ ማጽጃ፣ ለዳክዬዎች ማደሪያ የሚሆን ቤትም ይገኙበት ነበር። ብዙዎቹ «ደንቡ ይፈቅዳል» ብለው ተከራከሩ፤ ገንዘቡንም መለሱ። ሕዝቡ ግን በዚህ አልበረደም። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ማይክል ማርቲን ወንበራቸውን ለቀቁ፤ አፈ ጉባኤ ተገዶ ሲለቅ ከ300 ዓመት በላይ ታይቶ አያውቅም ነበር። ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረቡ ጥቂት አባላትም ተፈርዶባቸው ታሰሩ። የአባላቱን ወጪ የሚወስንና የሚቆጣጠር፣ ከአባላቱ እጅ ውጭ የሆነ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ።

በስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሞና ሳሊን በመንግሥት የክፍያ ካርድ የግል ዕቃ መግዛታቸው ተገለጠ፤ ከዕቃው መካከል ቸኮላታ ይገኝበት ስለነበር ነገሩ በዚያው ስም ይጠራል። ገንዘቡን መለሱ፤ ቢሆንም ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ከመታጨት ራሳቸውን አገለሉ፤ ሥልጣናቸውንም ለቀቁ። ምርመራው ያለ ክስ ተዘጋ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሚኒስትርነት ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2007ም የፓርቲያቸው መሪ ሆነው ተመረጡ። ልብ በሉ፤ ለቀቁ፣ ተመረመሩ፣ ተመለሱ። መልቀቅ ሞት ባልሆነበት ሀገር ሰው ለመልቀቅ አይፈራም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ነቢዩ ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ የማንን በሬ ወይም አህያ እንደወሰደ፣ ከማን እጅ ጉቦ እንደተቀበለ ይመሰክሩበት ዘንድ ጠየቀ፤ ቢገኝበትም ሊመልስ ቃል ገባ። ማንም አልከሰሰውም፤ እርሱ ራሱ መዝገቡን ከፈተ። ነህምያ በይሁዳ ገዥ ሆኖ 12 ዓመት ሲቀመጥ ለገዥ የተፈቀደውን ቀለብ አልበላም። የተፈቀደ ነበር፤ በዛሬ ቋንቋ አበሉ ነበር። ነገር ግን የሕዝቡ ሸክም ከብዶ ስላየ ተወው። ስለዚህ «ደንቡ ይፈቅዳል» የሚለው መከራከሪያ ነህምያን ፊት ለፊት ማየት አይችልም።

እኔ ለተሾምሁበት ማዕርግ ደግሞ የሚበልጥ ትምህርት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 አለ። የዕለቱ እርዳታ ሲታደል መበለቶቻቸው እንደተረሱባቸው የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ አጕረመረሙ። ሐዋርያት አጕረምራሚዎቹን «ጠላት ልኳችሁ ነው» አላሉም፤ «እኛን ትጠራጠራላችሁን?» ብለውም አልተቆጡም። የማደሉን ሥራ ከእጃቸው አውጥተው፣ ሕዝቡ በመልካም ምስክርነት ለመረጣቸው ሰባት ሰዎች ሰጡ። እንግዲህ ዲቁና በቤተ ክርስቲያን የተጀመረው ስለ እርዳታ አከፋፈል በተነሣ አቤቱታ ነው። አቤቱታውም ቤተ ክርስቲያንን አላፈረሳትም፤ ይልቁንም የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ ሄደ። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ነቀፋ እንዳይኖር አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በቁስጥንጥንያ መንበር በተቀመጠ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን የሂሳብ መዝገብ አስመርምሮ፣ የጳጳሱን ቤት ትርፍ ወጪ ቈርጦ ለሕሙማን ማረፊያ አዋለው።

የጋሞ አባቶቻችንም በዚህ ነገር የሚያስተምሩን አላቸው። በደጋው በዱቡሻ ተመክሮበት የሚሾም ሃላቃ ሹመቱን የሚቀበለው ከራሱ ሀብት ደግሶ ሕዝቡን በማብላት ነው። ሌላው ሹመትን ለመብላት ሲፈልገው፣ እነርሱ ለማብላት ይቀበሉታል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ በተፈጸመ ጊዜ፣ ለበቀል የተነሡ የአርባ ምንጭ ወጣቶችን የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ እንዳስቆሟቸው ሀገር ሁሉ ያውቃል። ጠመንጃ አልነበራቸውም፤ ደመወዝም አበልም የሚከፍላቸው አልነበረም። የነበራቸው መታመን ብቻ ነው። ያ መታመን በዚያች ሰዓት ሕይወት አዳነ።

እንግዲህ ሦስቱ መልሶች የዘነጉት ይህን ነው። ሹም በሕዝብ ገንዘብ ሲባልግ የሚወስደው ሁለት ነገር ነው፤ ገንዘብና እምነት። ገንዘቡን በእጁ ሊመልሰው ይችላል። እምነቱን ግን የሚመልሰው እርሱ አይደለም፤ ሰጪው ሕዝብ ነው። ስለዚህ «ገንዘቡን መልሻለሁ፤ ወንበሩ ግን የእኔ ነው» የሚል ሹም ግማሹን ዕዳ ብቻ ከፍሏል። ለጥያቄው የምሰጠው መልስም ይህ ነው፤ አዎን፣ ሊለቅ ይገባዋል። ለመቀጣት ሳይሆን አደራውን ለባለቤቱ ለመመለስ ይለቃል። ባለቤቱ መርምሮ ዳግመኛ ቢሰጠው ይሰጠዋል።

ሆኖም ሁሉን ጥፋት በአንድ ሚዛን መመዘን ፍትሕ አይደለም። በደጋ የሚኖር የኮሚቴ አባል ደረሰኝ ጠፍቶበት የ300 ብር ሂሳብ ባይወራረድለት፣ ይህ እንደ ሌብነት አይቈጠርም። ስሕተትን ከማታለል የሚለዩ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ጕድለቱን ማን ገለጠው? ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው ደርሶበት? ሁለተኛ፣ ሐሰተኛ ሰነድ ወይም ፊርማ ተሠርቷልን? ሦስተኛ፣ ሰውየው ሌሎችን በዚያው ደንብ የሚቀጣ ነውን? ራሱ የገለጠውን ስሕተት ማረም ይበቃል። ሐሰተኛ ሰነድ ያለበት ግን መልቀቅም መመለስም ይገባዋል፤ ጉዳዩም ለሕግ ይቀርባል። በሥሩ ያለውን ሠራተኛ በአንድ ቀን አበል እየቀጣ ራሱ ያልሄደበትን መንገድ የሚያስከፍል ሹምም፣ ገንዘቡ ጥቂት ቢሆን እንኳ፣ ከዚያ ወዲያ በማን ላይ ሊያዝዝ ይችላል?

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው «እንዲህ ከሆነ ጠላት ሁሉ በሐሜት ሰው ያስወርዳል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህ ሐሜት አይበቃም። አቤቱታው በጽሑፍና በፊርማ ይቅረብ፤ የምርመራው ቀን ይቈረጥ፤ መርማሪዎቹም ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ይሁኑ። አቤቱታው ሐሰት ሆኖ ከተገኘም ንጽሕናው አቤቱታው በተሰማበት ጉባኤ ፊት ይነገር።

ሁለተኛው ከአባቶች የሚመጣ ነው፤ «የአባትን ዕራቁት መግለጥ የካም ሥራ ነው፤ ኃጢአትን መሸፈን ይገባል» የሚል ነው። ሴምና ያፌት የሸፈኑት አባታቸው በድንኳኑ ውስጥ በራሱ ላይ ያደረሰውን ኀፍረት ነው። የመበለቲቱ ምጽዋት፣ የታመመ ሰው ስእለት፣ ለምንጭ ማጎልበቻ የተዋጣ ብር ግን የባለቤቶቹ ነው። ሰው ስለ ነፍሱ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፤ ምስጢሩም እስከ ሞት ይጠበቅለታል። ስለ ገንዘቡ ግን ሂሳብ የሚሰጠው ለገንዘቡ ባለቤቶች ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል በልቡ ተጸጽቶ ዝም አላለም፤ ለበደላቸው ሰዎች አራት እጥፍ ሊመልስ በሁሉ ፊት ተናገረ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ስለ ሚኒስትሮች ብዙ ተናግሬአለሁ። ሚኒስትሮችን ግን እኛ አንሾምም፤ አንሽርምም። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት የሚያስተዳድሩት የሰበካ ጉባኤ በእጃችን አለ። የወረዳው ኃላፊ ይልቀቅ ብለን ስንናገር፣ የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ ካለ፣ ቃላችን ባዶ ነው። ኮሚሽናችን ከእናንተ ጋር ምንጭ ሲያጎለብት፣ ችግኝ ሲያፈላ፣ ለእናቶች የቁጠባ ማኅበር ሲያቋቁም፣ ሥራው የሚቆመው በመዝገቡ ነው። በጨንቻ ወይም በቦንኬ ያለች እናት ለቦኖው የምትከፍለው ብር የት እንደገባ ካላወቀች መክፈል ትተዋለች፤ ቧንቧው ሲሰበር የሚጠገንበት ገንዘብ አይኖርም፤ እርስዋም እንሥራዋን ተሸክማ ወደ ወንዝ ትመለሳለች። የገንዘብ ያዡ ጥፋት መጨረሻው በእርስዋ ጀርባ ላይ ነው።

ስለዚህ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ በቃለ ጉባኤ እንድታጸድቋቸው አራት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ ይሁን፤ ቆጠራውም በጋራ ይደረግ። ሁለተኛ፣ የገቢና የወጪ ሂሳብ በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ይነበብ። ሦስተኛ፣ ሂሳቡ በጽሑፍ አቤቱታ የቀረበበት ማንኛውም አገልጋይ፣ ማዕርጉ ምንም ቢሆን፣ ምርመራው እስኪያልቅ ከገንዘብ ሥራ ይራቅ፤ በእነዚህ ቀናት ማንም ሌባ ብሎ አይጥራው፤ መቅደስ ውስጥ ካለው አገልግሎቱም አይከልከል። አራተኛ፣ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው በክብር ይመለስ፤ ያጠፋው ይመልስና ይልቀቅ፤ ንስሐ ገብቶ ጊዜ ሲያልፍም በሌላ አገልግሎት ቦታ አይጣ።

ከእነዚህ ሁሉ የምትከብደው ሦስተኛዋ ናት። ገንዘብ ያዦቻችን ብዙዎቹ ንጹሓን ናቸው፤ ነገር ግን መዝገቡን የሚያስረክቡ ከሆነ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠሩ ይፈራሉ፤ ስለሚፈሩም የሙጥኝ ይላሉ። የሙጥኝ ባሉ ቁጥር ጥርጣሬው ይበዛል። ፈቀቅ ማለት ኀፍረት እንዳይሆን ልናደርግ የምንችለው እኛ ነን። መጀመሪያ ፈቀቅ የሚለው ድሃው ገንዘብ ያዥ እንዳይሆን ደግሞ፣ ተራው በደረሰ ጊዜ ሊቀ መንበሩና የደብሩ አስተዳዳሪ ቀዳሚ ይሁኑ። ይህን በአጥቢያቸው ያዩ ወጣቶች ነገ ወደ ወረዳና ወደ ክልል ወንበር ሲወጡ፣ ሹም ሲጠየቅ ምን ማድረግ እንዳለበት ከቤተ ክርስቲያናቸው ተምረው ይሄዳሉ።

የአባቶቻችን አምላክ በጥቂቱ የታመንን ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።